የማይጎዳ ገንዘብ

ተኛ፣ ተኛ እንጂ አንተ ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስትገለብጥ አድረህ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዓይንህን አፍጥጠህ ጣሪያ የምታየው ማን ሊከፍልህ ነው እላለሁ ለራሴ፤ ራሴ ደግሞ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል። መስኮቱ ላይ በምስማር የመታሁት ብርድ ልብስ በአንድ ጎኑ ተላቋል፣ ፀሐዩ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ትራሴ ላይ ተጋድሟል፣ ተነስቼ እንዳልመታው መዶሻው ያለው አከራዬ ዘንድ ነው፣ አከራዬ ደግሞ ከታች ምንጣፍ የምትጠርግበትን ማሽን እያስጮኸች ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች፤ እሷ ምን ታድርግ፣ ለሰው ቀን ነው። ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ትደውላለች። አምስት ሰዓት አለኝ፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ አንዲት ውሸት መለማመድ አለብኝ፣ ውሸቷም አጭር ናት፤ "እማዬ፣ ለቤቱ ምንም አልላክኩም" ነው የሚባለው፣ በቃ፣ ሕፃን ልጅ ይላታል። የላክኩት ግን የአራት ዓመት ላቤን ነው። በየወሩ፣ አንድም ወር ሳይዘለል፣ ያመመኝም ወር፣ ጥርሴን ያስነቀልኩበትም ወር።

ትናንት ጠዋት ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ትንሹ ነው የምንለው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጢሙ ከኔ ይበዛል፣ ቢሆንም ትንሹ ትንሹ ነው። "ወንድም ጋሼ፣ ተቀምጠሃል?" አለኝ። ቆሜያለሁ አልኩት። "እስቲ ቁጭ በል" አለኝ። ሰው አገር ለሚኖር ሰው በስልክ ቁጭ በል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የማቆሚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ፣ እናቴን በሐሳቤ ገነዝኳት፣ ቀበርኳት፣ አልቅሼ ጨረስኩ፣ ይኼ ሁሉ ሲሆን እሱ ገና ጉሮሮውን እየጠራረገ ነው። "እማዬ ደህና ናት፣ እሱ አይደለም" አለ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። አሁን ተጋድሜ ሳስበው ገባኝ፤ ያችን "ቁጭ በል" አውቆ ነው ያስቀደማት። እናቱ ሞታ የተነሣችለት ሰው ከዚያ በኋላ ምን ቢነግሩት ይከብደዋል? ብልጥ ነው ትንሹ፣ ድሮም ብልጥ ነበር። "የቤቱ ገንዘብ የለም" አለኝ። የለም ማለት አልኩት። "የለም ነዋ፣ አለቀ። መሠረቱ ብቻ ነው ያለው፣ ያ የመጀመሪያው ዓመት መሠረት።" ግድግዳውስ? ግድግዳውን አይቼዋለሁ፣ ፎቶ ልከህልኛል፣ መስኮቱ ሳይቀር ገብቷል። "እሱ የጎረቤት ነው" አለኝ።

ቤቱ ማለት አባታችን ከከተማው ጫፍ ትቶልን የሞተው ቁራሽ መሬት ነው። እዚያ ላይ ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ሠርቼ እናቴን ከኪራይ ላወጣት ነበር። እሷና ትንሹ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት፣ መሐል ላይ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሱ ወዲህ እሷ። ጉልበቷን ስለሚያማት ያንን ዳገት ወጥታ ግንባታውን ማየት አልቻለችም፤ በስልክ እያየች ትመርቃለች። እኔም በስልክ እያየሁ እኮራለሁ። የጎረቤት ቤት! ሁለት ዓመት ሙሉ የስልኬ ገጽ ላይ ለጥፌው ዞርኩ። ለረጅሙ አሳይቼዋለሁ፤ ረጅሙ የምለው አብሮኝ የሚሠራ የሌላ አገር ሰው ነው፣ ቁመቱ ትከሻዬን አያልፍም፣ ለዚህ ነው ረጅሙ ያልኩት፣ ትርጉሙን አልነገርኩትም፣ ስሙ ሲጠራ ደስ ብሎት ይዞራል። ይኼ ቤቴ ነው አልኩት። እጄን ጨበጠኝ። ያ የማላውቀው ጎረቤት ላቡን አንጠፍጥፎ የሠራውን ቤት እኔ እዚህ የእንኳን ደስ ያለህ ተቀበልኩበት።

ጥፋቱ የማን ነው? ይኼን ነው ሌሊቱንም የማኘከው፣ አሁንም የማኘከው። እንዲህ በል እስቲ፣ የትንሹ ነው በልና ተኛ። አልችልም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቁማር ያስተማርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ለማን ነው የማወራው ደግሞ፣ ለጣሪያው? አይምሰልህ ጣሪያ፤ ቁማርን ትንሹ እኔ ሳልሄድ ጀምሮ ያውቀዋል፣ በየመንገዱ ያለ ነገር ነው፣ ትኬቱን ይቆርጣል፣ ይበላበታል፣ ቀን ሙሉ ሲያዝን ይውላል። እኔ ያስተማርኩት በልክ መጫወትን ነው። በጀትን። ለዚያ ነው የሚያንገበግበኝ፤ መጥፎ ነገር አስተምሬው ቢሆን ኖሮ ንስሐ ይኖረው ነበር፣ ጥሩ ነገር አስተምሬው እንዲህ ሲሆን የትኛው በር ነው የሚንኳኳው?

እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም። አገር ቤት የዱቄት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን ከመጋዘኔ አልወጣችም፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ባትሪ ፈልጎ መጥቶ አስፈርሜዋለሁ፣ ኩም ብሎ ፈርሟል። እዚህ ስመጣ የሚቆጠር ነገር አጣሁ። አንሶላ ነው፣ አንሶላ ደግሞ በኪሎ ነው። የሕመምተኛ አንሶላ በጋሪ ይመጣል፣ እጅህን ጓንት አድርገህ ትዘረጋዋለህ፣ ውስጡ የቀረ ነገር ካለ ታወጣለህ፤ ማበጠሪያ፣ መነጽር፣ አንድ ቀን የላይ ጥርስ በሙሉ። በዕረፍት ሰዓት ምግብ የምንበላበት ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፣ ሁልጊዜ ቅርጫት ኳስ ነው። እኔና ቅርጫት ኳስ ደግሞ አንተዋወቅም፤ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ መረብ የሌለው አንድ የብረት ቀለበት ነበር፣ ዘበኛው እርጥብ ካፖርቱን ያሰጣበት ነበር፣ እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ለዚያ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ረጅሙ ነው ያስረዳኝ። ይኼኛው ቡድን ያሸንፋል ብለህ ብቻ አትወራረድም አለኝ፣ በስንት ነጥብ ይበልጣል፣ ሁለቱ ተደምረው ከሁለት መቶ ነጥብ ያልፋሉ አያልፉም፣ እንዲህም ይባላል። ቁጥር! ጆሮዬ ቆመ። እግር ኳስ ዘጠና ደቂቃ አስለፍቶህ ባዶ ለባዶ ይለይሃል፣ ይኼ ግን ይቆጠራል፣ በየደቂቃው ይቆጠራል፣ ከስንት ዓመት በኋላ የሚቆጠር ነገር አገኘሁ።

ደብተር ገዛሁ። ከደመወዜ ከሃያ እጅ አንዷን ለውርርድ ለየሁ፣ ያውም ከመዝናኛ፣ መዝናኛ ስለሌለኝ ያንን መዝናኛ አልኩት። እሷን ሃያ ቦታ ከፈልኳት። በአንድ ጨዋታ ላይ ከአንድ ክፋይ በላይ አልደፍርም። ሃያዋ ካለቀች እስከ ደመወዝ አበቃ፣ ስልኩን ዘግቼ እተኛለሁ። የተበላሁትን ላስመልስ ብዬ እጥፍ አላደርግም። አሥር ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ አልደረድርም። የወደድኩት ቡድን ላይ አልወራረድም፣ ሲከፋኝ አልወራረድም፣ ይኼ የመጨረሻው ነው የከበደኝ፣ ምክንያቱም ያልከፋኝን ቀን ለማግኘት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ሕግ አልጣስኩም። አትራፊ ነኝ? አይደለሁም፣ ተበልቻለሁ፣ ግን ልኬን ነው የተበላሁት፣ ልበላ የፈቀድኩትን። የውርርድ ድርጅቱ በየዓመቱ መጨረሻ መልእክት ይልክልኛል፤ ገደብዎን ጠብቀው ስለሚጫወቱ እናመሰግናለን ይላል። በዚህ አገር ውስጥ አመሰግናለሁ ያለኝ መሥሪያ ቤት እሱ ብቻ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው አላለኝም፣ እዚያ የማሽን ድምፅ ነው የሚያናግርህ፣ ለዚህ አንድን ይጫኑ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ፣ እስከ ዘጠኝ አስጭኖኝ መልሶ አንድ ላይ ያደረሰኝ ቀን አለ። ሆስፒታሉም አላለኝም። እና ያቺን መልእክት፣ ሞኝ አትበሉኝ፣ ፎቶ አንስቼ ለትንሹ ላክኩለት።

እሱ ነው መነሻው። ከዚያ በፊት ከትንሹ ጋር ወሬ አልነበረንም። ደህና ነህ፣ ደህና፣ እማዬ ደህና ናት፣ ደህና፣ ገንዘቡ ደረሰ፣ ደረሰ፣ ቻው። ያቺን መልእክት ሲያይ ራሱ ደወለ፤ በራሱ ካርድ! "ወንድም ጋሼ፣ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ የምትይዘው? እኔ እኮ በሁለት ቀን ነው የምጨርሰው" አለኝ። ደረቴ በአንዴ ሰፋ። ደብተር ግዛ አልኩት። መስመር አስምር አልኩት። በየእሑዱ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት እናወራለን፤ የትኛው ቡድን ሜዳው ላይ ይጠነክራል፣ የትኛው በሁለተኛው ግማሽ ይደክማል፣ ማን ተጎድቶ ተቀምጧል። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዳችንም ያችን ኳስ በእጃችን ነክተናት አናውቅም፣ ያላየነው አገር ያሉ ሰዎች ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አንድ በአንድ እናውቅ ነበር። ስለ እናታችን ጉልበት ጠይቄው ይሆን በዚያ ሁሉ ሰዓት? ጠይቄያለሁ መሰለኝ። ጠይቄ ነበር። ብጠይቅ ባልጠይቅ አሁን ምን ዋጋ አለው።

ከሁሉም ከሁሉም አንደኛዋን ሕግ ነው ደጋግሜ የነገርኩት። ቢበላ የማይጎዳህን ገንዘብ ብቻ አስይዝ። እንደ ካህን ነው የሰበክኩት። የቤት ኪራይ አትንካ፣ የምግብ አትንካ፣ የሰው ብድር አትንካ፣ ቢሄድ አንጀትህን የማይበላህን ብቻ። "ገብቶኛል" ይለኛል። በል ድገምልኝ እለዋለሁ፣ ይደግምልኛል፣ እስቃለሁ።

ትናንት አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አውቶቡሴ መጥቶ ሄዶ፣ ጮህኩበት። ሰዎች ዞረው አዩኝ። አንተ ሌባ አልኩት፣ ያስተማርኩህ ይኼን ነው? እሱ አልጮኸም፤ ምን ነበረበት ቢጮህ፣ ተረጋግቶ ነው የመለሰልኝ፣ ተማሪ መምህሩን እንደሚያስረዳ። "አንዲት ሕግ አልጣስኩም፣ ወንድም ጋሼ" አለኝ። "ደብተሩ አለ፣ ላሳይህ። ከአንድ ክፋይ በላይ አስይዤ አላውቅም። ተበደርኩ? አልተበደርኩም። እጥፍ አደረግኩ? አላደረግኩም።" የቤቱን ገንዘብ ግን፣ የቤቱን ገንዘብ እንዴት አስያዝከው አልኩት፣ የማይጎዳህን ብቻ አላልኩህም? ከዚያ አለኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፤ "የኔን ገንዘብማ እንዴት አስይዛለሁ? ከድለላ የማገኛት የኪራያችንና የቀለባችን ናት፣ እሷ ብትነካ ይጎዳናል። የማይጎዳኝ ያንተው ነዋ። ያንተ ቢበላ ያው በወሩ ሌላ ይመጣል።"

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ክፋት ቢኖርበት፣ በድምፁ ውስጥ ትንሽ ተንኮል ብሰማ፣ ስልኩን ዘግቼ ለእናቴ አፍረጥርጬ በነገርኳት ነበር። ንጹሕ ነው። ያመነበትን ነው የነገረኝ። እኔ የላብ ዋጋ ብዬ የላክኩት እዚያ ሲደርስ እንደ ዝናብ ነው፣ ወቅቱን ጠብቆ ይወርዳል፣ ማን ዘነበልኝ ብሎ ሰማይን የሚጠይቅ አለ? ደግሞ ማን አስለመደው? "ለናንተ ብዬ አይደለም፣ እኔ ምንም አይጎድልብኝም" የምለው ማን ነው? ይበቃሃል ወይ፣ አትቸገርም ወይ ሲሉኝ "እኔ እዚህ ተንደላቅቄ ነው" ብዬ የምስቅ ማን ነው? ጥርሴን አስነቅዬ ደሙን እየዋጥኩ ተንደላቅቄያለሁ ብያለሁ። እነሱ አመኑኝ። ውሸቴን አምነው በውሸቴ ተወራረዱ።

የደብተሩን ፎቶ ላከልኝ፣ ሠላሳ ገጽ ይሆናል፣ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ፣ አየዋለሁ። አቤት ጽሕፈቱ! መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ቀን፣ ጨዋታ፣ ያስያዘው፣ ያገኘው፣ ቀሪ፣ ከኔ ደብተር ይበልጣል፣ ልክ እንደ ንብረት ክፍል መዝገብ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ባለቀስኩ ከደስታ። የእናቴ ግድግዳ አንድ ረድፍ ብሎኬት እዚህ ገጽ ላይ አለ፣ አንድ ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ሄዶ በሁለት ነጥብ የተበላ፤ በሩ እዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ጣሪያው አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቷል። ሲያሸንፍም አለ፣ ሲያሸንፍ ከጎኑ "ለእማዬ" ይላል። ለእማዬ፣ ለእማዬ፣ ለእማዬ። ከድለላ አገኘሁ እያለ ይሰጣት ነበር። እሷም በየስልኩ "ትንሹማ ተለወጠ፣ ሰው ሆነ" ትለኝ ነበር፤ እኔም በጀት ነው እማዬ እል ነበር በልቤ፣ የኔ ምክር ነው፣ አመስግኑኝ።

ታዲያ ለምን አሁን ነገረኝ? የአጎቴ ልጅ መኪና ገዛች። ነገ ጠዋት እናቴን ዳገቱን አውጥታ ቤቷን ልታሳያት ነው። እናቴ ከሦስት ቀን ጀምሮ ልብስ እየመረጠች ነው አለኝ። ነገ ሄዳ የምታየው ሣር የበቀለበት መሠረት ነው። "ስለዚህ አንተ ንገራት" አለኝ ትንሹ። ምን ልንገራት አልኩት። "አልላክኩም በላት። የላክኩ አስመስዬ ዋሸሁሽ፣ አልሆነልኝም በላት። እኔም ፎቶውን ያሳየኋት ያንተን ገመና ልሸፍን ብዬ ነው እላታለሁ።" ቆሽቴ አረረ፤ ግን ስሙት፣ ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ትክክል አይደለም? "አንተ እዚያ ነህ፣ ብትቆጣህ በስልክ ነው፣ ብትረግምህ ያው ትመልሰዋለች። እኔን ግን ካወቀችብኝ ከመጋረጃው ማዶ እንዴት አድርጌ ነው የማድረው? ውጣልኝ ካለችኝ ደግሞ ማን ነው ውኃ የሚቀዳላት? ማን ነው ሐኪም ቤት የሚወስዳት? አንተ ትመጣለህ?" አንተ ትመጣለህ። ይቺን ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ያኔ ብቻ ነው የተሰነጠቀው። አልመጣም። ወረቀቴ አልተስተካከለም፣ ከወጣሁ አልመለስም፣ ካልተመለስኩ ዝናቡ ይቆማል። ይኼን ሁሉ ያውቃል። ሒሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው፣ የኔ ተማሪ።

አከራዬ ማሽኑን አጠፋች። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ለምን እምቢ አልልም? እውነቱን ብነግራት እናቴ አንድ ልጅ ታጣለች፣ አጠገቧ ያለውን። ብዋሽላት የሩቁን ታጣለች፣ የሩቁ ደግሞ ከድሮም ድምፅ ነው። ለእሷ የሚሻለው ይሄ ነው፣ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ፣ ለእሷ የሚሻለው ይሄ ነው። ለኔስ? ለኔ ያለኝ እኮ ያ ብቻ ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ የሰው ሽንት ያለበት አንሶላ እዘረጋለሁ፣ ግን አንዲት ሴት አለች በዚህ ዓለም ላይ፣ ለጎረቤት "ቤቱን የሚሠራልኝ ትልቁ ነው" የምትል። እሷን ቃል ነው ስጠኝ ያለኝ። ሌላውን ሁሉ ወስዶ ይቺን ደግሞ ጨምርልኝ አለኝ። አለቀስኩ፣ አፍሬ በትራሱ አፈንኩት፣ ማን ሊሰማኝ እንደሆነ እንጃ።

ምናልባት ትረግመኛለች። ለሱ ተዘጋጅቻለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋው ይሆናል፣ ለሱም። "ድሮም አባትህን ነው የመሰልከው" ትል ይሆናል፣ አባቴ ጥሩ ሰው ነበር፣ ስትናደድ ግን እንደዚያ ትላለች። ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ውሸቷን ድምፅ አውጥቼ ተለማመድኳት፣ ለቤቱ ምንም አልላክኩም፣ ለቤቱ ምንም አልላክኩም፣ ራሴ እስኪያምነኝ ድረስ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጮኸ። ስልኩ የትንሹ ነው፣ እሷ ስልክ የላትም፣ ደውሎ ነው የሚሰጣት።

"የኔ ጌታ! ተኝተህ ነው? ቀሰቀስኩህ?"

አልተኛሁም እማዬ።

"የሚነግርሽ ነገር አለው አለኝ ትንሹ። ምነው ድምፅህ? አሞሃል እንዴ?"

"ለቤቱ ምንም አልላክኩም" አልኳት። ወጣ። "ከመሠረቱ ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ዋሽቼሽ ነው እማዬ። ነገ ብትሄጂ ምንም የለም፣ መሠረቱ ብቻ ነው።"

መስመሩ ይንሾካሾካል። እርግማኑን ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ፤ ቶሎ በይው፣ ቶሎ በይውና ልገላገል።

"ሥራ የለህም ማለት ነው?" አለችኝ።

"አለኝ፣ ሥራማ…"

"አትዋሸኝ። ሥራ እያለህ እናትህን የምትረሳ ልጅ አይደለህም፣ አላውቅህም? እኔ አይደለሁም የወለድኩህ?" ድምፏ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ሦስት ዓመት! ምን እየበላህ ነው የቆየኸው? የት ነው የምታድረው? እኔ እዚህ ቤት ቤት እያልኩ ስጨቀጭቅህ፣ አንተ ሆድህን አስረህ… ወይኔ ልጄን! ወይኔ! ተንደላቅቄያለሁ የምትለኝ ለዚህ ነው ለካ።"

"እማዬ፣ እንደሱ አይደለም፣ ስሚኝ…"

"ዝም በል! ይኼም ልጅ አውቆ ነው ለካ ያንን ፎቶ የሚያሳየኝ። ያንተን ገመና ሸፍኖ፣ እኔ እንዳልደነግጥ ብሎ። ተባረክ የኔ ልጅ" አለች፣ ለኔ አይደለም፣ አጠገቧ ለቆመው ነው። "እንዳንተ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ።" ከዚያ ትንፋሿ ራቀ፣ አልጋው ሲያቃስት ሰማሁ፣ ፍራሽ ሲነሳ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። "ትንሽ ነገር አለችኝ" አለችኝ ተመልሳ፣ ድምፏን ዝቅ አድርጋ፣ አከራይ እንዳይሰማት። "ትንሹ ሲቀናው የሚሰጠኝን እያጠራቀምኳት ነው። ለቤቱ በር ልገዛባት ነበር። በሩ ይቆይ። ላንተ ይላክልህ።"

"አይሆንም!" ጮህኩ። አልጋው ላይ ተነስቼ ቆምኩ፣ ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታው። "እማዬ፣ አይሆንም፣ እኔ ምንም አያስፈልገኝም፣ አስቀምጫት፣ ለማንም አትስጪ!"

"አንተን ማን ጠየቀህ? የተራበ ሰው አፉ እንዲህ ነው። ትንሹ! ና እስቲ፣ አንተ ታውቅበታለህ፣ ይቺ እንዴት ነው ወደዚያ የምትላከው? ቁጠራት፣ ቁጠራትና በኋላ ስንት እንደሆነች ንገረኝ።"

አሁን ልናገር። አሁን ነው። እሱ በላው እማዬ፣ ቤትሽን እሱ ነው የበላው፣ ያቺንም ይበላታል። አፌን ከፍቻለሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተሰማኝ፣ የትንሹ ትንፋሽ መጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል፣ የፈራ ሰው ትንፋሽ፣ ከኋላው ደግሞ እናቴ እያለቀሰች፣ "አይዞህ በለው፣ አይዞህ በለው እንጂ!" ትለዋለች።

"አይዞህ ወንድም ጋሼ" አለኝ። "እኛ እያለንልህ አትቸገርም።"

አፌን ገጠምኩ።

"የባንክ ቁጥርህን ንገረኝ እስቲ" አለኝ፣ ለእሷ በሚሰማ ድምፅ።

ነገርኩት። አንድ በአንድ ነገርኩት፣ እሱ ጮክ ብሎ ይደግመዋል፣ እሷ ደግሞ ከኋላ እሱ ያለውን ትደግማለች፣ እንዳይሳሳት። አሥራ ሦስት ቁጥር ነው። ስንጨርስ ስልኩን ተቀበለችውና "ሲደርስህ ደውልልኝ፣ ልቤ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ እሺ?" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሦስት ቀን ጠበቅኩ፣ ምንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ደወልኩና ደረሰኝ እማዬ አልኳት፤ እልል አለች፣ ሁለታችንንም መረቀችን።